ካሸሯ ከመጠየቋ በፊት ሎጉ ይጠየቅ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የጅምላ ሱቅ አለ። አንድ ቀን ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ከካሸሯ መሳቢያ 9,600 ብር ጎደለ። ሦስት ጊዜ ተቆጠረ። መሳቢያው ወጥቶ ከሥሩ ታየ። ብሩ የለም። ኮምፒውተሩ «የዛሬ ሽያጭ ይህን ያህል ነው» ይላል። ልጅቷ «እኔ የተቀበልኩት ይህን ያህል ነው» ትላለች። ሁለቱ ካልተስማሙ ማን እንደሚታመን የታወቀ ነው። ልጅቷ 9,600 ብሩን በሦስት ወር ከደመወዟ ከፍላ ጨረሰች። በአራተኛው ወር ሥራውን ለቀቀች።

እኔ የዚያ ሱቅ ሲስተም ሲበላሽ ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ የሽያጭ፣ የመጋዘንና የብድርና ቁጠባ ማኅበር ሶፍትዌሮችን እጠግናለሁ። ይህን የምጽፈው ያቺን ልጅ ስላልረሳኋት ነው። ስለ ሶፍትዌር ደኅንነት፣ ስለ ሚሞሪና ስለ ስህተት ምዝገባ ሲወራ ነገሩ የባለሙያ ብቻ ይመስላል። ግን ሲስተሙ ስህተቱን ካልመዘገበ ስህተቱ በሰው ስም ይመዘገባል። እኛ አገር ደግሞ ጉድለት የሚከፍለው ገንዘቡን የያዘው ሰው ነው። ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው ሲከፍል አይቼ አላውቅም።

አንድ ሽያጭ እንዴት ሁለት ይሆናል?

ካሸሯ «መዝግብ» የሚለውን ትጫናለች። ትእዛዙ ሂሳቡን ሁሉ ወደሚይዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ሰርቨሩ ይመዘግባል። «ተመዝግቧል» የሚለው መልስ ተመልሶ ከመድረሱ በፊት ግን ኔትወርኩ ይቋረጣል። ወይም መብራት ብልጭ ይልና ይሄዳል። ስክሪኑ ቆሞ ይቀራል። ካሸሯ ይመዝገብ አይመዝገብ አታውቅም። ደንበኛው ቆሟል። ተሸካሚው ካርቶኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ድጋሚ ትጫናለች። አሁን አንዱ ሽያጭ ሁለት ሆነ። ኮምፒውተሩ የሁለት ሽያጭ ብር ይጠብቃል፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው የአንድ ነው።

ይህን ሁላችንም ከሌላው ወገን እናውቀዋለን። ኤቲኤም ላይ ቆመን ከሂሳባችን ይቀነስና ብሩ አይወጣም። በሞባይል ብር ልከን «አልተሳካም» ይለንና ደግመን እንልካለን። ከዚያ ሁለቱም ደርሰው እናገኛቸዋለን።

መፍትሔው የቆየና የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ ከካሸሯ ኮምፒውተር ሳይወጣ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ ከመጣ ሰርቨሩ «ይህን ይዤዋለሁ» ብሎ ይመልሳል እንጂ ሁለተኛ አይመዘግብም። ደህና ዳታቤዝ (ሂሳቡ የሚቀመጥበት የኮምፒውተር መዝገብ) ደግሞ ሥራውን ከመሥራቱ በፊት ሊሠራ ያሰበውን ዲስክ ላይ ይጽፋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ያንን ያነብና የተጀመረውን ወይ ይጨርሳል ወይ ይሰርዛል። ግማሽ ላይ የቆመ ነገር አይኖርም። ትራንዛክሽን የምንለው ይህንኑ ነው። ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ይጨመራል፣ አለዚያ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ጸሐፊም ከዚህ የተለየ አያደርጉም። መጀመሪያ ስሙንና ብሩን መዝገቡ ላይ ያሰፍራሉ፣ ቀጥለው ብሩን ሳጥኑ ውስጥ ይከታሉ። መሐል ላይ ለቀብር ቢጠሩ እንኳ ተመልሰው የት እንዳቆሙ ያውቃሉ።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ሲስተም በቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ያቀረበው ፉጂትሱ ነው። ሲስተሙ በየቅርንጫፉ ጉድለት ማሳየት ጀመረ። የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ «እኛ አልወሰድንም» ቢሉ ሰሚ አላገኙም። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሂሳብ ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ። ቤታቸውን ያጡ አሉ። ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ብለው ነበር የሚነሱት። ተቃራኒው ማስረጃ ያለው ሎጉ ውስጥ፣ ማለትም ሲስተሙ የሠራውን በሚጽፍበት ማስታወሻ ውስጥ ነው። ሎጉ ደግሞ በከሳሹ በኩል ነበር።

ከሆራይዘን ስህተቶች አንዱ የእኛን ሱቅ ቁርጥ ነው። በ2015 ዳልሜሊንግተን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ 8,000 ፓውንድ ወደ ሌላ የአገልግሎት ጣቢያ ሊተላለፍ ነበር። ስክሪኑ አልንቀሳቀስ አለ። ቁልፉ ተደጋግሞ ተጫነ። ሲስተሙ እያንዳንዱን መጫን እንደ አዲስ ዝውውር ቆጠረው። 8,000 የነበረው 32,000 ሆነ። ያልነበረ የ24,000 ፓውንድ ጉድለት ተፈጠረ። በ2019 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስህተቶች እንደነበሩበትና እነሱም ጉድለት ሊፈጥሩ ይችሉ እንደነበር አረጋገጠ። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ አወጣ። ሃያ አምስት ዓመት መሆኑ ነው።

ዝም ያለው ፕሮግራም

ወደ ደሴው ሱቅ ልመለስ። እኔ የተጠራሁት ልጅቷ ከለቀቀች በኋላ በሌላ ጉዳይ ነበር። ኮዱን ስከፍት ሽያጭ የሚመዘገብበት ቦታ ላይ ስህተት ቢመጣ ምን ይደረግ የሚለው ክፍል ባዶ ነው። ስህተቱ ይያዛል፣ ከዚያ ምንም አይደረግም። አይጻፍም፣ አይነገርም። ይህን ብዙ ቦታ አይቻለሁ። ሶፍትዌሩ ለባለቤቱ በሚታይበት ቀን ቀይ ጽሑፍ እንዳይወጣ ተብሎ ይደረጋል። ከዚያ ተረስቶ ይቀራል። ለእኔ ይህ ከባዱ ጥፋት ነው። ስህተት የሌለው ፕሮግራም ማንም አይሠራም። ስህተቱን መደበቅ ግን ምርጫ ነው።

ሎግ የምንለው ሲስተሙ ያደረገውን ሁሉ ቀንና ሰዓት እየጠቀሰ የሚጽፍበት ማስታወሻ ነው። ጥሩ የሎግ መስመር ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ በየትኛው ደረሰኝ ቁጥር፣ ምን ሊያደርግ ሲል ምን እንዳጋጠመው ይናገራል። መጥፎው «ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ያበቃል። ለካሸሯም በስክሪን የሚታያት መልእክት አጭር የማጣሪያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። እሷ ቁጥሯን ወረቀት ላይ ትጽፋታለች፣ እኔ ሎጉ ውስጥ እፈልጋታለሁ። የዳታቤዙ የውስጥ ገመና ግን ስክሪን ላይ መውጣት የለበትም። እሱ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው።

ጊዜን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ምርመራ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካሸሯ «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው ስክሪኑ የቆመው» ትላለች። ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ የጊዜ መለኪያ ነው። የእኛ አገር ከእሱ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ አቆጣጠራችን ደግሞ በስድስት ሰዓት ይለያል። ስለዚህ የእሷ 8 ሰዓት ሎጉ ላይ 11:00 ሆኖ ይገኛል። ይህን የማያውቅ መርማሪ 8:00 ላይ ይፈልግና «ምንም አልተፈጠረም፣ ልጅቷ ትዋሻለች» ይላል። ሲስተሙ ውስጥ አንድ ወጥ ሰዓት ይቀመጥ፤ ለሰው ሲታይ በሰው አቆጣጠር ይታይ።

ሎግ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የሚያነበው ሰው ያስፈልጋል። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲስ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮቹ በሰባቱ ላይ ብቻ ጭኖ ገበያ ገባ። ስምንተኛው አሮጌውን ኮድ ይዞ የአክሲዮን ግዢና ሽያጭ ማዘዝ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። የሚያንገበግበው ገበያው ከመከፈቱ በፊት የራሱ ሲስተም ስህተቱን የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ መገኘቱ ነው። ማንም ልብ አላላቸውም። የማይነበብ ሎግ እንዳልተጻፈ ነው።

«ሪስታርት አድርጊው»

ሚሞሪ ስል ራሙን ማለቴ ነው። ሃርድ ዲስኩ መጋዘን ከሆነ ራሙ ባንኮኒው ነው። ሥራ የሚሠራው ባንኮኒው ላይ ነው። በደንብ ያልተጻፈ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ከባንኮኒው ትንሽ ቦታ ይይዝና ሲጨርስ አይለቅም። በአዘቦት ቀን ማንም አያስተውልም። በኢድ ዋዜማ ወይም በገና ሰሞን ግን ደረሰኙ አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። ከምሳ በኋላ ባንኮኒው ይሞላል። ሲስተሙ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፣ ቀጥሎ ይቆማል። የሚቆመው ደግሞ ሽያጭ መሐል ላይ ነው። ያ ድጋሚ መጫን የሚመጣው ያኔ ነው።

ሰዎቻችን ለዚህ አንድ መድኃኒት አላቸው። ሪስታርት። አንድ ኮምቦልቻ ያለ መጋዘን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሰርቨሩን ያጠፉና ያበሩ ነበር። እንደ ምሳ ሰዓት የታወቀ ሥርዓት ሆኖባቸዋል። ሪስታርት በእርግጥ ባንኮኒውን ያጸዳል። ግን ማስረጃውንም አብሮ ይጠርጋል። የቱ ፕሮግራም ምን ያህል ይዞ እንደነበር፣ የትኛው ሽያጭ ተንጠልጥሎ እንደቀረ ራሙ ላይ ነበር፤ ጠፋ። እዚያ ያደረግነው ቀላል ነው። ሲስተሙ በየአምስት ደቂቃው የያዘውን ሚሞሪ እንዲጽፍ አደረግን። በሦስት ቀን መስመሩ ወደ ላይ ብቻ ሲሄድ ታየ። ደረሰኝ ማተሚያው ጋር የሚከፈት ግንኙነት ነበር፤ አይዘጋም። ሁለት መስመር ኮድ ነው ያስተካከለው።

ሎጉ ራሱም የሚሞሪ ጣጣ አለበት። ብዙ ፕሮግራሞች ፍጥነት ለማግኘት የሎግ መስመሮችን ራም ላይ ያጠራቅሙና ቆይተው ነው ወደ ዲስክ የሚያወርዱት። መብራት ሲሄድ የሚጠፉት የመጨረሻዎቹ መስመሮች ናቸው። የምንፈልጋቸውም እነሱን ነበር። ስለዚህ ገንዘብ የሚነካ መስመር ወዲያው ዲስክ ላይ መውረድ አለበት፣ ትንሽ ቢያዘገይም። በተቃራኒው ደግሞ ምንም ሳይመርጥ ሁሉን የሚጽፍ ሎግ ዲስኩን ይሞላዋል። ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ መጻፍ ያቅተዋል፤ ሱቁ በሙሉ ይቆማል። የቆየው እየታጨቀ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ።

ፊደላችንም የሚሞሪ ጉዳይ ነው። በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት (የሚሞሪ ትንሽ መለኪያ) ይይዛል። አንድ የግእዝ ፊደል ግን ሦስት ባይት ነው። «ወልደሚካኤል» ሰባት ፊደል ነው፤ 21 ባይት ይፈልጋል። የስም ቦታውን 20 ባይት አድርጎ የሠራ ሰው የመጨረሻዋን ፊደል ይቆርጣታል። ዳታቤዙ ጥብቅ ከሆነ ምዝገባውን ሁሉ አልቀበልም ይላል። እንደ ሲ (C) ባሉ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች በጥንቃቄ ካልተጻፈ ደግሞ ትርፉ ጎን ካለው ሚሞሪ ላይ ይፈስሳል። ይህ ትልቅ የደኅንነት ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ በየዓመቱ ከሚያስተካክላቸው የደኅንነት ክፍተቶች ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት የሚሞሪ አያያዝ ስህተቶች መሆናቸውን ተናግሯል። በተጨማሪም «መሐመድ» እና «መሀመድ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ሌላ ሰው ናቸው። ቁጠባ ማኅበር ውስጥ የአንድ እናት ሂሳብ ለሁለት ተከፍሎ አይቻለሁ። ሰውን በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ያዙ።

ሁሉም «አድሚን» ከሆነ

ሎጉ «አድሚን ሰረዘ» ይላል። አድሚን ማለት ሁሉን ማድረግ የሚፈቀድለት ተጠቃሚ ነው። ግን ማን ነው? ሱቁ ውስጥ ያሉት አምስቱም። ፓስወርዱ የሱቁ ስምና 123 ነው፤ ስክሪኑ ጠርዝ ላይም ተለጥፏል። እንዲህ ያለ ሎግ መመስከር አይችልም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ መስጠት የሌባ መከላከያ ብቻ አይደለም። ንጹሑን ሰው ነጻ የሚያወጣውም እሱ ነው። ካሸሯ በራሷ ስም ከገባች «እኔ አይደለሁም» የሚለው ቃሏ ማስረጃ ያገኛል።

በወረቀቱ ዘመን ደረሰኝ ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም ነበር። የተሳሳተው ላዩ ላይ ተሰርዞ ሥሩ እንዲነበብ ይደረጋል፣ ይፈረምበታል፣ አዲሱ ይጻፋል። ኮምፒውተር ሲመጣ ይህን ጥሩ ሥርዓት ጣልነው። አሁን አንድ ሰው ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ 9,600 የሚለውን 6,900 ቢያደርገው ምንም ምልክት አይቀርም። የተመዘገበ ሽያጭ ጨርሶ መጥፋት የለበትም፤ በሌላ ማስተካከያ ምዝገባ ይመለስ። ሎጉም የሚጨመርበት እንጂ የሚቀነስበት አይሁን። ሲስተሙን የምንጠግን ሰዎች ራሳችን ልንነካው የማንችልበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። ይህን ስል እኔንም ይመለከታል፤ ቁልፉ በእጄ ነው። በእንግሊዙ ጉዳይም የፉጂትሱ ሠራተኞች ከርቀት ገብተው የቅርንጫፍ ሂሳብ መቀየር እንደሚችሉ ለዓመታት ተክዶ ኋላ ታምኗል።

መዝገብ ሲኖር ምን እንደሚቻል በአገራችንም አይተናል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች ሂሳባቸው ላይ ካለው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ባንኩ መንስኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የራሱ የሲስተም ሥራ እንደሆነ ገለጸ። ያለአግባብ የወጣው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነበር። ያም ሆኖ ማን ምን ያህል እንደወሰደ በስም ይታወቅ ስለነበር ባንኩ ደንበኞቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ቻለ።

ሎግ ውስጥ የማይገባም ነገር አለ። ፓስወርድና ፒን በፍጹም አይጻፉም። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2018 ፓስወርዶች ሳይመሰጠሩ በራሱ ሎግ ውስጥ ሲጻፉ እንደነበር ደርሶበት 330 ሚሊዮን ተጠቃሚዎቹን ፓስወርድ እንዲቀይሩ መከረ። የእኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ የሚይዝ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሎግ ፋይል ውስጥ ያለውም ያው የደንበኛ መረጃ ነው።

ሎግ የሚጽፈው ፕሮግራም ራሱ በር ሊሆን እንደሚችል ደግሞ በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ታየ። ሎግ4ጄ የተባለው ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተሠሩ ሶፍትዌሮች ውስጥ እጅግ የተለመደ የሎግ መጻፊያ ነው። አጥቂ አንድ የተቀመረ ጽሑፍ ስም መሙያ ላይ ቢጽፍ፣ ሎጉ ያንን ሲመዘግብ ሰርቨሩ በአጥቂው እጅ ይገባ ነበር። የአደጋው ደረጃ ከ10 10 ተሰጠው። የዓለም ባለሙያ ሁሉ እንቅልፍ ባጣበት በዚያ ሳምንት እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ሌላ ጭንቅ ላይ ነበርን። ከተሞቹ ከጦርነቱ ከወጡ ገና ቀናት ነው። ሰዎች ሱቃቸውን ከፍተው የሚያዩት ሰርቨሩ ተጠቅቶ እንደሆነ አልነበረም። ሰርቨሩ መኖሩን ነበር። የሃያ ዓመት የዱቤ መዝገቡ ከኮምፒውተሩ ጋር የሄደበት ነጋዴ አውቃለሁ። ማን ስንት እንዳለበት የነገሩት ባለዕዳዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ እየመጡ። ወሎ ላይ ይህ ሆነ። ሲስተም ግን በሰው ደግነት ላይ ብቻ መቆም የለበትም። የሂሳቡም የሎጉም ቅጂ ከሱቁ ውጭ፣ ከተቻለም ከከተማው ውጭ ይቀመጥ።

ሶፍትዌር የምትገዙ ሰዎች ሻጩን ስለ ቀለሙና ስለ ሪፖርቱ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሽያጭ እየተመዘገበ ሳለ የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉ። መልሳችሁ ሰኩና ድጋሚ መዝግቡ። ከዚያ «የሆነውን ከሎጉ አሳየኝ» በሉት። ደህና ሠሪ ደስ ብሎት ያሳያችኋል።

የደሴው ሱቅ ባለቤት ሃጂ ናቸው፤ ደግ ሰው። ሎጉን ካስገባሁ ከጥቂት ወራት በኋላ በአዲሱ ካሸር ላይ ያው ነገር ደረሰ። አሁን ግን ሎጉ አለ። አንድ ደረሰኝ፣ አርባ ሰከንድ ልዩነት፣ ሁለት ምዝገባ። ሃጂ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ያለፈውን ዓመት የቆጠራ ደብተር አስመጡ። ያኔ መጋዘኑ ውስጥ ኮምፒውተሩ ከሚለው በላይ ስምንት ባለ 5 ሊትር ዘይት ተርፎ ነበር። ያኔ ዋጋው 1,200 ነበር። ስምንት ጊዜ 1,200። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሽያጭ ገንዘብ ያጎድላል፣ ዕቃ ያተርፋል። ትርፉን ማንም አልጠየቀም ነበር።

ልጅቷን አስጠሯት። ብሩን ቆጥረው ሰጧት፣ ይቅርታም ጠየቋት። ተቀበለች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና «ሃጂ፣ ብሩንስ አላህ ይስጥልኝ። አለመውሰዴን ግን ማኅተም ያለው ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ፤ ለእናቴ አሳያታለሁ» አለች። ተቀምጠው በእጃቸው ጻፉላት።